ጉልቨንና ጥንዱ

ጉልቨን ኬርዶንኩፍ ጣሪያ ሠሪ ነው። በብሬታኝ ምድር፣ ከአሬ ተራሮች ሥር ባሉት መንደሮች እሱ ያልወጣበት ጣሪያ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጥቁሩን ስስ ድንጋይ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየደራረበ፣ በዝናብና በንፋስ መካከል በጉልበቱ እየዳኸ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሯል። ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ሚስት አላገባም። አንድ ጊዜ ሊያገባ አስቦ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቦምባርድ እያሳየች «እኔን ወይ እሱን ምረጥ» ብትለው መልሱን ሳይሰጣት ብዙ ቆየ ይባላል። ዝምታውን መልስ ቆጥራው ሄደች።

ቦምባርድ ከክንድ የሚያጥር፣ ጫፉ እንደ ጡሩንባ የተከፈተ የእንጨት መሣሪያ ነው። መጠኑን አይቶ የናቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲሰማው ጆሮውን ይይዛል። ሲነፋ ሦስት መስክ አቋርጦ ይሰማል። ግን ብቻውን አይነፋም። ከጎኑ ቢኒዩ አለ፦ በክንድ ታቅፈው የሚጫኑት የቆዳ ከረጢት፣ ከከረጢቱም የምትወጣ ቀጭን ዋሽንት። ቦምባርድ ነፊው አንድ ሐረግ ነፍቶ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቢኒዩው ያችኑ ሐረግ ተቀብሎ ይመልስለታል። ቦምባርዱ ያርፋል፤ ቢኒዩው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዕረፍት የለውም። በዚያ አገር ስለ አንድ ነፊ ሲወራ ታዲያ ማን እንደሆነ ብቻ አይጠየቅም፤ «ጥንዱስ ማነው?» ይባላል።

የጉልቨን ጥንድ ታንጊ ነበር። ታንጊ ላም አርቢ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከሰው ጋር ለመግባባት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅበት። ሁለቱም የተማሩት ከአንድ ሰው፣ ከሽማግሌው አላን ነው። አላን ጥርሶቹ ረግፈው መንፋት ካቆመ በኋላ በከብቶች በረት ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያስተምር ነበር። ትምህርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ራስህንማ ብትሰማ ምን ይረባሃል፣ እሱን ስማው!» ኋላ ታንጊ የጉልቨንን ታናሽ እህት አዜኖርን አገባ። በሰርጉ ዕለት ለራሱ ሰርግ ሌላ ነፊ መጥራት ነውር መስሎት ሙሽራው ራሱ ቢኒዩውን ታቅፎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ድግሱ አዳራሽ ነፋ። አዜኖር እስከ ዛሬ «በሰርጌ ቀን ባሌን ሳይሆን ከረጢቱን ነው ያገባሁት» እያለች ትተርበዋለች።

እንዲህ ሆነው ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ነፉ። በሰርግ፣ በደብር ክብረ በዓል፣ በመኸር ማብቂያ። በየነሐሴውም በወደቧ ከተማ በፖርዝጉዌን በሚደረገው የኬልቶች የሙዚቃ በዓል። ወደዚያ በዓል ከስኮትላንድም ከአየርላንድም ከጋሊሲያም ሙዚቀኞች በመርከብና በአውቶቡስ ይጎርፋሉ፤ ከተማዋ አምስት ቀን አትተኛም። ለተራራው ሰዎች ግን በዓል ማለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወደቡ አደባባይ የሚደረገው የጥንዶች ውድድር ብቻ ነው። ጉልቨንና ታንጊ በዚያ ውድድር አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥተዋል። አንደኛ አንድም ጊዜ አልወጡም። ስለዚህ ተፎካካሪዎቻቸው «ሁለተኛዋን ወንበር ለሌላ እንዳትሰጡብን፣ ሙቀቷ የእናንተ ነው» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ታንጊ አብሯቸው ይስቃል። ጉልቨን አይስቅም።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጉልቨን ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ የጸሎት ቤት ጣሪያ ያድስ ነበር። ቀኑ ጸጥ ያለ ነው፤ ንፋስ የለም፤ ከሸለቆው ማዶ የሚጮኽ ውሻ እንኳ ቅርብ ሆኖ ይሰማል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ከማዶው የእርሻ ቤት ጎተራ ውስጥ ቦምባርድ ተነፋ። የማዴግ መሆኑን አወቀ። ማዴግ ትራክተር የሚጠግን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ጎበዝ ነፊ ነው ይባልለታል፤ ጎተራው የአጎቱ ነው። ጉልቨን «በርታ፣ አሁንም ትንፋሽህ ጥሬ ነው» ብሎ ለራሱ ፈገግ አለና መዶሻውን አነሳ።

ከዚያ ቢኒዩው መለሰ።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ቢኒዩውን ከሺህ ቢኒዩ መሃል ይለየዋል። ያ ሰው ሐረጉን ሲቀበል የመጀመሪያዋ ድምፅ ላይ ለአፍታ ያመነታል፤ ቤት ከመግባቱ በፊት እግሩን እንደሚጠርግ እንግዳ። እንዲህ የሚቀበል ሰው በምድር ላይ አንድ ነው፣ ታንጊ። ጉልቨን ጆሮው የሚያታልለው መሰለው። ግን ደግሞ መለሰ። ደግሞ። ዜማውንም አወቀው። ከሁለት ዓመት በፊት ታንጊ ከአንዲት አሮጊት ተምሮ ያመጣው ድሮ የቀረ የጭፈራ ዜማ ነው፤ መሃል ላይ ምቱን ሰብሮ የሚገለበጥ፣ አስቸጋሪ። ያኔ ጉልቨን «ተወው፣ ዳኞች አይወዱትም» ብሎት ነበር። አሁን ከማዴግ ጋር ይነፉታል፤ ሲሳሳቱ ቆም ብለው ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ሸለቆውን አቋርጦ ይመጣል።

ወርዶ መሄድ ይችል ነበር። መሰላሉ አጠገቡ ነው። እሱ ግን ጀምበሯ እስክታዘቅዝቅ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ አሥራ አንድ ዜማ ሰማ። በዚያ አገር ጥንድህን ሳትነግረው ከሌላ ጋር መንፋት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ሚስትን ከሌላ ሰው ጋር በመስኮት እንደማየት ያለ ነገር ነው።

አልተናገረም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ማክሰኞና ዓርብ እንደ ወትሮው ወደ ታንጊ ወተት ማለቢያ ቤት ሄደ፤ እንደ ወትሮው ልምምድ አደረጉ። ታንጊ ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ታንጊ ስለ ድርቆሽ፣ ስለ ወተት መኪናው ሾፌር፣ ስለ ዝናቡ አወራ። ጉልቨን በአጭሩ ይመልስለታል። ከቀን ወደ ቀን ሆዱ ሻከረ፤ ሐረጉን ሲጥልለት እንደ መወርወር አደረገው።

አንድ ዓርብ አዜኖር ወንድሟን መኪናው ድረስ ሸኘችው።

«ምን ሆናችኋል እናንተ ሁለት?» አለችው።

«ምንም።»

«ጉልቨን፣ ከእኔ ጋር እኮ ነው የምታወራው። ደግሞ ታንጊ ሰሞኑን ራሱን ያመዋል። ጠዋት ጠዋት ግራ እጄ ደነዘዘ ይላል። ሐኪም ጋ ሂድ ስለው ‘ከበዓሉ በኋላ’ ነው መልሱ። አንተ ብትነግረው ይሰማሃል።»

«ብዙ እየነፋ ይሆናላ» አለ ጉልቨን፤ በሩን ጎትቶ ዘጋ። ነገሩን እያወቀ የተናገረው ነው። አዜኖር ግን አልገባትም።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ፖርዝጉዌን ጢም ብላለች። በወደቡ ዳር የዓሣ ጀልባዎች ባንዲራ ለብሰዋል፤ ከየድንኳኑ ቋሊማ የተጠቀለለበት ስስ ቂጣና የቅቤ ዳቦ ይሸታል፤ የስኮትላንድ ከበሮ መቺዎች ሸሚዛቸውን አውልቀው የፖም ጠጅ ይጠጣሉ። አደባባዩ ላይ በጣውላ የተሠራ መድረክ፣ ከፊቱም የጨፋሪዎች ሜዳ አለ። አምስት ጥንዶች ለፍጻሜ አልፈዋል። ዕጣው ሲወጣ ጉልቨንና ታንጊ የመጨረሻዎቹ ሆኑ።

ከመድረኩ ጀርባ ባለው ድንኳን ውስጥ ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር። ሙቀቱ ያፍናል። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ገቡ። ማዴግና የዚያን ጊዜ ጥንዱ በተራ ሦስተኛ ነበሩ፤ ጥሩ ነፉ፤ ማዴግ ላቡን እየጠረገ ሲገባ ታንጊን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ጉልቨንን ሲያይ ግን ዓይኑን ሰበረ። ታንጊ የጥቁር ሰደርያውን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገላል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ አመለጠው።

«ቆልፍልኝ እስቲ» አለው ጉልቨንን።

ጉልቨን እጁን አልዘረጋም። ያ ሁሉ ሳምንት የታመቀው ነገር ድንገት አፉ ላይ መጣ።

«ማዴግ ይቆልፍልህ።»

ታንጊ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያለው ቀለም ቀስ እያለ ሲሸሽ ይታይ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከጸሎት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኜ። አሥራ አንድ ዜማ። ሳቃችሁ ራሱ ይሰማ ነበር።»

«ጉልቨን... ዛሬ ካለቀ በኋላ ልነግርህ ነበር።»

«ካሸነፍን ነው ወይስ ከተሸነፍን?»

«እንደዛ አይደለም ባክህ። ስማኝ—»

«ሃያ ስምንት ዓመት ሰማሁህ፣ አንተ! ሌላ ምን ልስማህ?»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ያልሰሙ መስለው መሣሪያቸውን መጠራረግ ያዙ። በዚሁ ቅጽበት አስተዋዋቂው ስማቸውን ጠራ፤ «አራት ጊዜ ሁለተኛ!» ብሎ ጨመረበት፤ ሕዝቡም በፍቅር ሳቀ። ታንጊ ቁልፉን ሳይቆልፍ ቢኒዩውን አነሳ። ሳይተያዩ ደረጃውን ወጡ።

አራት ሺህ ሰው ነበር ይላሉ። ጥንዶች ሲነፉ ትከሻ ለትከሻ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው ነው የሚቆሙት፤ ጉልቨን በዚያች ሰዓት በዚህ ደስ አለው፤ የታንጊን ፊት ማየት አልፈለገም። ውድድሩ ከእያንዳንዱ ጥንድ ሦስት ዜማ ይጠይቃል፤ በመጀመሪያ የሐዘን ዜማው ነበር። ጉልቨን ቁጣውን ሁሉ ቦምባርዱ ውስጥ አስገባው። እንዲያ ነፍቶ አያውቅም። ድምፁ ስለት ሆኖ ወጣ፤ ቢኒዩውም ያንን ስለት በመዳፉ እንደሚቀበል ሰው ተንቀጥቅጦ መለሰ። አደባባዩ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠችው ሴት ዳኛ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ ጉዞው ዜማ ሲያልፉ ጉልቨን በልቡ «አንደኛ ነን» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «አንደኛ ሆነን እንለያያለን» አለ፤ ሁለቱም ሐሳብ እኩል አንገበገበው።

ሦስተኛው የጭፈራው ዜማ ነው። ጨፋሪዎቹ ትንሿን ጣት በትንሿ ጣት አቆላልፈው ረጅም ሰንሰለት ሠርተው ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ጉልቨን ጀመረ፤ ታንጊ ተቀበለ፤ ሰንሰለቱ ተንቀሳቀሰ። ስድስት ዙር ያህል ዜማው እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ሰባተኛው ላይ ከቢኒዩው ላይኛዎቹ ድምፆች ሁለቱ ጠፉ።

ጉልቨን ጆሮውን አላመነም። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ድምፁ ቁልቁል ሰመጠ፤ ከረጢቱ በቂ ግፊት ሲያጣ እንደሚያደርገው። ከረጢቱ በግራ ክንድ ሥር ነው፤ ላይኛዎቹን ቀዳዳዎች የሚዘጉትም የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። የታንጊ ክንድ ደግሞ በሬ የሚጥል ክንድ ነው፤ አይደክምም። ጉልቨን «እያበላሸው ነው» አለ በሆዱ። «ስለነገርኩት፣ ስላሳፈርኩት፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እየተበቀለኝ ነው።»

ስለዚህ ሸፈነው። ማረፍ በሚገባው ቦታ ሳያርፍ፣ ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ የታንጊንም ተራ ጨምሮ ነፋ። ፊቱ ደም መሰለ፤ አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ገመድ መሰሉ። ጨፋሪዎቹ ምንም አላወቁም። ከዳኞቹ አንዱ ግን ቀና ብሎ አየ። ሁለት ዙር ብቻ ቀርቷል። ሁለት ዙር ማለት ሃያ፣ ቢበዛ ሠላሳ ሰከንድ ነው። በውድድሩ ሕግ ዜማውን መሃል ላይ ያቋረጠ ጥንድ ከውድድር ይወጣል።

ያኔ ነው ዞር ብሎ ያየው።

የታንጊ አፍ በግራ በኩል ወርዷል። የቢኒዩው መንፊያ ከከንፈሩ ሊያመልጥ ተንጠልጥሎ፣ ልጋጉ በአገጩ ወደ ነጭ ሸሚዙ ይወርዳል። ቀኝ ዓይኑ ጉልቨንን ያየዋል፤ ግራው የት እንደሚያይ አይታወቅም። ቀኝ እጁ ግን አሁንም ታችኛዎቹን ቀዳዳዎች በትክክል እየከፈተ ይዘጋል።

ጉልቨን ይህን ፊት አንድ ጊዜ አይቶት ያውቃል። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮት ጣሪያ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው በመወጣጫው ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር። ሰክሯል ብለው ጥላ ሥር አስቀምጠውት ሥራቸውን ቀጠሉ። ማታ ሞተ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጉልቨን ራሱ የማይደብቀውን ነገር መደበቅ አይገባም። አይቶ፣ አውቆ፣ ሌላ አንድ ዙር ነፋ። ጣቶቹ ናቸው የነፉት፣ እኔ አይደለሁም ይላል አንዳንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «አይ፣ እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ዙር ነፋ፤ አንድ ዙር ቀረ፤ መጨረሻው ከዓይኑ ፊት ነበር፤ በእጁ ሊነካው ይችላል።

ቦምባርዱን ከአፉ አወጣ።

ዜማው ሲቋረጥ የጨፋሪዎቹ ሰንሰለት ተደናበረ። ቢኒዩው ብቻውን እንደሚታረድ ጠቦት እየቀጠነ አለቀሰና ዝም አለ። ጉልቨን ቦምባርዱን ጣውላው ላይ ጥሎ የታንጊን ወገብ ጨበጠ፤ ያ ረጅም ሰው ሙሉ ክብደቱን ትከሻው ላይ ጣለበት፤ ሁለቱም ተንበረከኩ። ከኋላ ያሉት ሰዎች ምን እንደሆነ ስላላዩ ሳቁ፤ አንዱ «የፖም ጠጁ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ፉጨት ተሰማ።

«ሐኪም!» አለ ጉልቨን። ድምፁ አልወጣለትም፤ ትንፋሹን ሁሉ ጨርሶታል። «ሐኪም ጥሩ! ሐኪም!»

የሰማው ማዴግ ነው። ከድንኳኑ ዘሎ ወጣ፤ የአስተዋዋቂውን የድምፅ ማጉያ ከእጁ መንጭቆ ሐኪም ጠራና ወደ ሜዳው ወርዶ ሰዎቹን በክርኑ እየገፋ መንገድ ከፈተ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዋ ሴት ስትደርስ ታንጊን ፈገግ እንዲል ጠየቀችው። ታንጊ ፈገግ አለ፤ ግማሽ ፊቱ ብቻ።

«ከጀመረው ስንት ደቂቃ ሆነ?» አለች።

«ሦስት... አራት ደቂቃ» አለ ጉልቨን። «አይ። እጁ የደነዘዘው ከሳምንታት ጀምሮ ነው።»

«ይህን እያወቃችሁ ነው ያመጣችሁት?»

ጉልቨን የታንጊን አገጭ በእጅጌው ጠረገ።

ሆስፒታሉ አርባ ደቂቃ ይርቃል። አዜኖር ከባሏ ጋር በአምቡላንሱ ሄደች። ጉልቨንን ማዴግ በራሱ የዕቃ መኪና ወሰደው። ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ መግቢያ ላይ ማዴግ መንገዱን እያየ «እኔ ነኝ የለመንኩት፣ ጋሼ» አለ። «እሱ አምስት ወር እምቢ ሲለኝ ነው የከረመው።»

«ንዳ» አለው ጉልቨን።

በኮሪደሩ ላይ አዜኖር ብቻዋን ቆማለች። ሐኪሞቹ ታንጊን ወደ ውስጥ አስገብተውታል፤ በጭንቅላቱ የደም ሥር ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እየሰጡት ነው። ገና አልታወቀም። ጉልቨን አጠገቧ ቆመ። ነገሩን በሆዱ ሊይዘው አልቻለም።

«አዜኖር፣ ካየሁት በኋላ አንድ ዙር ጨምሬያለሁ።»

«ምን?»

«አፉ ሲጣመም አየሁት። ምን እንደሆነም አወቅሁ። ግን አንድ ዙር ነፋሁ። ከዚያ ነው ያቆምኩት።»

«አንድ ዙር ስንት ነው?»

«አሥር... አሥራ አምስት ሰከንድ።»

አዜኖር ዞር ብላ አየችው። አላለቀሰችም።

«እጁ ደነዘዘ ብዬ ከነገርኩህ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ምን አልከኝ? ‘ብዙ እየነፋ ይሆናላ’ አልከኝ። ስለ አሥራ አምስት ሰከንድ አታውራኝ፣ ጉልቨን። ስለ ሁለቱ ሳምንት ንገረኝ።»

ነገራት። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ማዴግ፣ ስለ አሥራ አንዱ ዜማ። አዜኖር እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«በዚህ ነው?» አለች። «በዚህ ነው ባሌን ያኮረፍከው? እኔም አላወቅሁም ነበር። ለእኔም አልነገረኝም። ሁለታችሁም አንድ ናችሁ፤ ስትነፉ እንጂ ስትናገሩ አልተፈጠራችሁም።» ከዚያ ግንባሯን ደረቱ ላይ ጥላ፣ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሐኪሟ ወጥታ «ተርፏል፣ ግን ታገሡ» እስክትላቸው ቆዩ።

ታንጊ ተረፈ። ንግግሩ እስከ ኅዳር ድረስ ተንጋድዶ ቆይቶ ተመለሰለት። ግራ እግሩ ይጎተታል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን አልተመለሱም፤ ቢኒዩም ከሁለቱ ጣቶች ጋር ሄደ። በዚያ መጸው ሁሉ ጉልቨን ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት ጎሕ ሲቀድ ላም ለማለብ ይመጣ ነበር። ሙያው አይደለምና ላሞቹ ይራገጡበታል፤ ማሽኑን አገላብጦ ይሰካል። ታንጊ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያየዋል።

አንድ ጠዋት ታንጊ በዚያ ከባድ ምላሱ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «ልተውህ ነበር» አለው። «እውነቱን እወቀው። ልሞክር ብቻ ብዬ አይደለም። ልተውህ ነበር።»

ጉልቨን ከላሚቱ ሥር ቀና አላለም። «ለምን?»

«አንተ እንዳንሸነፍ ብለህ ነው የምትነፋው። አዲስ ዜማ ባመጣ፣ ‘ዳኞች አይወዱትም’። ከማዴግ ጋር ስነፋ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። መፍራት ናፍቆኝ ነበር፣ ጉልቨን።»

«ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

«አንተም ከጣሪያው ልትወርድ ትችል ነበር።»

ጉልቨን ባልዲውን ትቶ ወጣ። ሁለት ቀን አልመጣም። በእነዚያ ሁለት ቀናት አዜኖርና ጎረቤት ናቸው ያለቡት። በሦስተኛው ቀን ሲነጋ ተመለሰ። ባልዲውን አነሳና «ያቺ ቀይዋ አሁንም ትራገጣለች?» አለ። ታንጊ «አንተን ብቻ» አለው።

በመጋቢት ማዴግ ከካፖርቱ ሥር አንድ ነገር ደብቆ ወደ ጉልቨን ቤት መጣ። የታንጊ ቢኒዩ ነበር። ታንጊ የብርዱን ወራት ሙሉ ሲያስተምረው ከርሟል፤ ቦምባርድ ነፊ ሁሉ ትንሽ ቢኒዩ ይችላል፣ ማዴግ ግን ከትንሽ በላይ ሆኗል። በር ላይ እንደቆመ ጉልቨን ቀደመው።

«እሱ ነው የላከህ?»

«አዎ። ‘ካባረረህ ነገ ደግሞ ሂድ’ ነው ያለኝ።»

«ያንን የሚገለበጠውን ዜማ ይዘኸዋል?»

«እሱን ነው ያስጀመረኝ።»

«ግባ። እግርህን ጥረግ» አለው ጉልቨን።

ውድድር ውስጥ ዳግመኛ አልገባም። ሰው ቢጠይቀው «ሁለተኛነቱ በቅቶኛል» ይላል። በግንቦት በአንድ ሰርግ ላይ ከማዴግ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋ። ያ አስቸጋሪ ዜማ መሃሉ ላይ ሲገለበጥ ሁለቱም ስተው ጨፋሪዎቹ እርስ በርስ ተጋጩ፤ ታንጊ ከፊት ወንበር ሆኖ ዱላውን እየደበደበ «ከመጀመሪያው! ከመጀመሪያው!» ብሎ ጮኸ፤ ሙሽሪትም ሳይቀር ሳቀች፤ ከመጀመሪያው ነፉት።

ከዚያ ወዲህ ጉልቨን እንደ ሌሎቹ ነፊዎች ወደ ሕዝቡ ፊት ለፊት አይቆምም። ወደ ጥንዱ ግማሽ ዞሮ፣ ዓይኑን ከማዴግ አፍ ሳይነቅል ነው የሚነፋው። ምክንያቱን የማያውቁ የሠፈር ወጣቶች አዲስ ስልት መስሏቸው እነሱም እንደዚያው ወደ ጥንዳቸው ዞረው መቆም ጀምረዋል። ማዴግ ግን አልወደደውም።

«ጋሼ፣ እንደዛ አፍጥጠህ አትየኝ፣ ትንፋሼን ነው የምታጠፋው» ይለዋል።

«ንፋ ዝም ብለህ» ይላል ጉልቨን።